መደርደሪያው ላይ የተነሰነሰው ዱቄት

ክዳኑ ዞሯል።

ዶክተሯ የቤተ ሙከራውን በር ከውስጥ ቆልፋ መደርደሪያው ፊት ቆመች። በየብልቃጡ ክዳን ላይ ቀይ ነጥብ አድርጋለች፤ ትናንት ስትወጣም ነጥቦቹን ሁሉ ወደ በሩ አዙራ ነበር የሄደችው። አሁን ከታችኛው ረድፍ ጥቂቶቹ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰዋል። ክዳን መቼም በራሱ አይዞርም። ሰው ነክቶታል ማለት ነው፤ ከእሷ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ያ ሰው የወንድሟ ልጅ ናት። ወንድሟ ሲሞት ልጅቷን ወስዳ ያሳደገቻት እሷው ናት፤ ስትመጣ ጭብጥ የማትሞላ ስለነበረች «ሚጢ» አለቻት፣ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ ሚጢ ከአክስቷ በቁመት ትበልጣለች፤ ያንኑ ትምህርት ተምራ፣ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ አብራት ትመራመራለች። ቤት «አክስቴ» ትላታለች፣ ሰው ፊት «ዶክተር»።

ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ነገር ለማያውቀው ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአፈር ቅንቅን ነው። የዶሮው ቅንቅን ዘመድ ቢሆንም ይሄኛው ጨዋ ነው፤ የረገፈ ቅጠልና ሻጋታ እየበላ ይኖራል እንጂ የማንንም ደም አይመጥጥም። ዶክተሯ ከአንድ ዛፍ ሥር ካመጣችው አፈር ለይታ፣ ወለሉ በጄሶና በከሰል ዱቄት በተለሰነ ብልቃጥ ውስጥ፣ እርሾ እያበላች ለዓመታት አራብታዋለች። የላይኛውን ረድፍ እንዳለ ትተወዋለች። ከታችኛው ረድፍ ግን ለአቅመ አዳም የደረሰውን ሁሉ በቀጭን ብሩሽ እየለቀመች ታወጣለች።

ትውልድ ሲተካ ሲተካ የታችኞቹ እድገት እየዘገየ ሄደ። ቶሎ የጎለመሰው ቶሎ ይለቀማላ! ዘሩን የሚያተርፈው ልጅነቱን ያስረዘመው ሆነ። ይህን ያየች ቀን ዶክተሯ ብቻዋን እልል ልትል ምንም አልቀራት። የቀረው አንድ ፈተና ነው፤ ለቀማው ሲቆም ልጆቻቸው እንደዘገዩ ይቀራሉ ወይስ ወደ ጥንቱ ይመለሳሉ? የዕድሜ ልክ ሥራዋ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው፤ መልሱን ሊሰጧት የሚችሉት ደግሞ እነዚያ የታችኛው ረድፍ ቅንቅኖች ብቻ ናቸው፣ በሕይወት ካሉ።

ወጣት ሳለች የልቤ የምትላት ጓደኛዋ አንድ ብልቃጥ በቦርሳዋ ይዛባት ሄዳ፣ ቀድማት ጽፋ ስም አውጥታበታለች። ከዚያ ወዲህ ሕጓ አጭር ነው፤ ከዚህ ክፍል አንዲት ቅንቅን አትወጣም። ተማሪዎቿ «ወንፊት» ይሏታል። አፈር ስለምትነፋ ነው ይላሉ፤ እውነቱ ግን ሰውም ስለምትነፋ ነው። በሩ ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ማስጠንቀቂያም አለ፦ «ዳቦ፣ እህል፣ ዱቄት ይዞ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው።»

ክዳኑ ከዞረበት ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር ያጠራጥራት ጀመር። ሚጢ በጠዋት ትወጣለች፤ ለምን? ከኮሪደሩ ማዶ ምስጥ የሚያጠናው ባልደረባ ክፍል ትገባለች፤ ስትወጣ ትስቃለች። ይሄ የምስጥ ሰውዬ ጨዋታ አያውቅም፣ ሲያወራም ስለ ምስጥ ብቻ ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቃት? ዶክተሯ አንድ ቀን በሩ ሥር ቆማ ለማዳመጥ ሞከረች። ጽዳት የሚሠሩት ሴትዮ ድንገት ሲመጡባት የጫማ ማሰሪያዋን ለማሰር ጎንበስ አለች፤ ጫማዋ ግን ማሰሪያ አልነበረውም።

«ዛሬም በጠዋት ነው?» አለቻት ቁርስ ላይ።

«ዛሬም» አለች ሚጢ፤ የጎረሰችውን ሳትውጥ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

«ምን ልትሠሪ?» ብላ ብትጨምር ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ዶክተሯ ግን መጠየቅ ሞኝነት መሰላት፤ ሌባ ተጠይቆ ያምናል እንዴ? ይልቅ ወጥ ቤት ገብታ ከቁም ሳጥኑ ጥግ የከረመ ዱቄት አገኘች፤ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ቀን ሁሉም ከወጣ በኋላ መደርደሪያው ላይና ክዳኖቹ ዙሪያ በስሱ ነሰነሰችው። ነጭ ቀለም በተቀባው መደርደሪያ ላይ ዱቄቱ አይታይም፤ የነካው ሰው ጣት ግን ይታያል። በብልሃቷ ተደስታ፣ የራሷን ማስጠንቀቂያ አልፋ ወጣች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

በማግስቱ ስትደርስ ሚጢ መደርደሪያው ፊት ቆማ ጣቶቿን እያሻሸች ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው? ዱቄት ነው እንዴ? አክስቴ፣ ማነው እዚህ ዱቄት...»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ!» ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «ብልቃጦቹን ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ።»

«ወስደሻል?»

«ከየብልቃጡ ጥቂት ጥቂት እንቁላል ወስጃለሁ። ማዶ የምስጥ ሰውዬው ጋ ነው ያስቀመጥኩት፤ የእሱ የሙቀት ሳጥን መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል፣ የእኛ ቀጥ ነው የሚለው። አንድ ቀን ሁሉም ቢያልቅብሽስ? መጠባበቂያ እናስቀምጥ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ! አሻፈረኝ አልሽ።»

«ስለዚህ ሰረቅሽኝ።»

«ኧረ አስቀመጥኩልሽ! ያ የምስጥ ሰውዬ እኮ ከፍቶ እንኳ አላያቸውም። 'አክስትሽ ካወቀች እኔንም ከምስጦቼ ጋር ትቀብረኛለች' እያለ ነው የሚያስቀኝ።»

ዶክተሯ የልጅቷን ዓይን ብታይ እውነቱን ታገኘው ነበር፤ ያየችው ግን የጥንቷን ጓደኛዋንና ያንን ቦርሳ ነው። ደሟ ፈላ። «ሂጂ አምጪው» አለች።

ሚጢ ትናንሾቹን ብልቃጦች በትሪ ደርድራ አመጣች። የምስጥ ሰውዬውም ከኋላዋ እስከ በሩ ተከትሏት መጣ።

«ሁሉም ይሄ ነው?»

«ሁሉም ነው።»

ዶክተሯ አላመነቻትም። አንዱን ደብቃለች፣ ይህን ያህል የደፈረ ሰው ለክፉ ቀን አንድ ሳያስቀር አይቀርም አለች በልቧ።

«አልኮል አፍሺበት።»

«አክስቴ...»

«ዶክተር በይኝ!»

«ኧረ በሕግ!» አለ የምስጥ ሰውዬው ከበሩ። «ምን አጠፉ?»

«አንተ ወደ ምስጦችህ!»

ሚጢ ጠርሙሱን አነሳች። በየብልቃጡ አልኮሉን አፈሰሰች፤ ከእንቁላሎቹ የተፈለፈሉት ነጫጭ ግልገሎች ተንሳፍፈው ትንሽ ተወራጩና ቀጥ አሉ። ከዚያ ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። በዚያው ሳምንት ልብሷን ሰብስባ አንዲት እኩያ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች።

ዶክተሯ መደርደሪያውን በጨርቅ ወልውላ ሥራዋን ቀጠለች። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቁርስም ብቻዋን ነው። ቢሆንም ልትደውል ስታስብ ያች የተደበቀች ብልቃጥ ትዝ ትላታለች፤ የት ይሆን ያደረገቻት? ለማን ይሆን የምትሰጣት? በመንገድ ሚጢን ብታያት ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ቦርሳዋ ላይ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ከታችኛው ረድፍ አንዱን ከፍታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባች። እንቁላል የለም። ግልገሎቹ የሉም፤ ወለሉ ላይ የቀረው ባዶ ቆዳቸው ነው። እርሾው ግን እንደተቀመጠ አለ፣ ስለዚህ ያለቁት በረሃብ አይደለም። ብልቃጡን ስታዞር አንድ እንግዳ ብቅ አለ፤ የፊት ክንዶቹ የፈረጠሙ፣ አንዲት ግልገል አንቆ ይመጥጣል። ቀጣዩን ከፈተች፤ እዚያም አለ። የላይኛውንም ረድፍ ከፈተች። ሁሉም ጋ ገብቷል።

አላጣችውም። ለተማሪዎቿ በየዓመቱ የምታሳየው እሱን አይደል! ቅንቅን የሚበላ ቅንቅን ነው፤ የሚራባው በከረመ ዱቄት ውስጥ ነው። ያን ማስጠንቀቂያ የጻፈችውም ለእሱ ብላ ነበር።

ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። ዱቄቱን ማን ከወጥ ቤት አመጣው? ማን ነሰነሰው? ማንስ በዚያው እጁ ክዳኑን እየከፈተ እርሾ ሲያበላ ሰነበተ? በሕይወቷ ሙሉ በሰው ላይ ስትቀስረው የኖረችው ጣት ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ አረፈ። ደህናዋን መጠባበቂያ ደግሞ ቆማ አስፈጅታዋለች፤ ያውም በሚጢ እጅ። አለቀሰች፤ ለቅንቅኖቹ ይሁን ለልጅቷ ራሷም አልለየችውም።

ድንገት ያች የተደበቀች ብልቃጥ ትዝ አለቻት።

እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። በእርግጥም አንድ ሳታስቀር አትቀርም! ብልህ ልጅ ናት፣ እሷ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ሳምንታት ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋት የኖረው ጥርጣሬ አሁን ብቸኛ ተስፋዋ ሆነ። አምላኬ፣ ዋሽታኝ ይሁን፤ እባክህ አታላኝ ይሁን፤ እያለች ስልኩን አነሳች።

«አቤት» አለች ሚጢ።

«ሚጢዬ... ዱቄቱ ውስጥ የነበረው ገብቶባቸው ሁሉም አለቁ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ። ያን ዕለት 'ሁሉም ነው' ያልሽኝ... አንዲት ብልቃጥ ደብቀሽ አስቀርተሽ ነበር፣ አይደል? አልቆጣሽም። በወንድሜ እልሻለሁ፣ አልቆጣሽም። ብቻ አዎ በይኝ።»

በስልኩ ውስጥ ሚጢ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

«አክስቴ» አለች፤ «እኔ መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»