የሲስተር ሳህሊቱ እጅ

የሲስተር ሳህሊቱ ሠልስት ሐሙስ ቀን ዋለ። ጌዲዮንን ከጠዋት ጀምሮ ሲያቅለሸልሸው ነበር፤ ያቅለሸለሸችው ደሞ አክስቱ አዳነች ናት።

አዳነች ከአዳማ መጥታ ድንኳኑ መሀል ተቀምጣለች። «የእናቴ እጅ! ያ ፈዋሽ እጅ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ወይ ድፍረት! በዚያ እጅ የተቀዳ ውሃ አልጠጣም ብላ የታሸገ ውሃ ተሸክማ ትመጣ የነበረችው ማን ሆነና? «መግል ስትነካካ ውላ» እያለች ብርጭቆ ስታሸት ጌዲዮን በዓይኑ አይቷል።

ያሳደገችው እማዬ የሚላት አያቱ፣ ሲስተር ሳህሊቱ ናት። ቺሮ ላይ በነርስነት አረጀች። ጡረታ ወጥታም ጓሮዋ፣ ዘይቱን ዛፉ ስር፣ ቁስል ታጥብ ነበር። ከበደሳም ከቦርደዴም ይመጡባት ነበር። የቱንም ያህል ቢሸት አፍንጫዋን አትሸፍንም ነበር። «በሽተኛው እኮ የሚያየው ፊቴን ነው» ትል ነበር። ጌዲዮን ግን ባጃጅ ይንዳ እንጂ መግል ካየ አለቀለት። አንዴ ባልዲ ያዝልኝ ብትለው ባልዲው ውስጥ አስመለሰ። እማዬ በሳቅ ፍርስ አለች፤ «ከሁለታችሁ ማንኛችሁን ልከም?»

ያኔ እግሯን ትታጠብ የነበረችው ሞሚና ናት፤ በየሐሙሱ በአይሱዙ ተጭና ከሚኤሶ የምትመጣ ባልቴት። ዛሬም በዱላዋ እየተደገፈች ገባች። እግሯ በፋሻ፣ ፋሻው በፌስታል ተጠቅልሏል። ድንኳኑን አይታ ከበር ጮኸች፤

«ሲስተር! አገባሽ እንዴ? ድንኳን ጥለሽ ሳትጠሪኝ!»

ለቀስተኛው ወደ በሩ ዞረ። ጌዲዮን ሮጦ ማረፏን ነገራት። ዱላዋ ከእጇ ወደቀ። «ኢናሊላሂ!» ብላ ካገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ወንበሩ አዳነች አጠገብ ነው።

ሽታው ተከትሏት ደረሰ። ሳምንት ሙሉ በሚኤሶ ሙቀት የተቀቀለ ፋሻ። አዳነች ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቀጠቀች። ሴቶቹ ሐዘን ያነቃት መሰላቸው። የእማዬ ጎረቤት ዑሙልኸይር፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አልቅሺው፣ ይውጣልሽ!» ብላ ስታቅፋት ጭራሽ ሞሚና ላይ አስደገፈቻት። ጌዲዮን ሳቁን በጥርሱ ያዘ።

አዳነች በነጠላዋ ውስጥ አንሾካሾከች፤ «ጌዲ፣ ይቺን ሴትዮ አውጣልኝ። ልትገለኝ ነው!»

ሞሚና ሰማች። እግሯን ቀሚሷ ስር ሰበሰበች። «ልሂድ በቃ» አለች።

«ጤና ጣቢያ ላድርስዎት?» አላት ጌዲዮን።

«ለማላውቀው ሰው እግሬን አልገልጥም።»

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ቀርታ ቁስሉ ትል አፍርቶ ነበር። ትሉን አንድ በአንድ የለቀመችው እማዬ ናት። ጌዲዮን ጎንበስ ብሎ ዱላዋን አነሳላት።

«እኔንስ ያውቁኛል?»

«ባልዲው! አንተን ማን ይረሳል?»

ወደ ዘይቱኑ ወሰዳት። ጨው ያለበት ውሃ አፈላ፤ አቀዘቀዘ፤ የእማዬን ጓንት አጠለቀ። ፋሻው ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። ሲላቀቅ ቢጫው ተከትሎ መጣ፤ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ፊቱን እንደ እማዬ ሊያደርግ ሞከረ።

«ፊትህን ምን አገኘው?» አለች ሞሚና።

«ፈገግ እያልኩ ነው!»

«ተው ልጄ፣ አስፈራኸኝ።»

ዛፉ ጀርባ ሄዶ አስመለሰ። ጓንት ቀይሮ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። ሞሚና ዕንባዋ እየወረደ ትስቅበታለች። እንደምንም አጥቦ በአዲስ ፋሻ ጠቀለለላት።

እጁን እንደ እማዬ እስከ ክርኑ በሳሙና ፈተገ። ከዚያ ከእንስራው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳና ድንኳን ገባ።

«አክስትዬ፣ ስታለቅሺ ጉሮሮሽ ደርቋል። በእማዬ ብርጭቆ ነው።»

አዳነች እጁን አየች። «አልጠማኝም።»

«ኧረ ጠጪ!» አለች ዑሙልኸይር። «የእናትሽ ቤት ውሃ አይደል እንዴ!»

ለቀስተኛው በሙሉ አፈጠጠባት። አዳነች ዓይኗን ጨፍና፣ መድኃኒት እንደሚግቱት ልጅ ጠጣች።

ጌዲዮን በዚህ ሊፈነድቅ ይገባ ነበር። ሽታው ግን አሁንም ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሞሚናን ደግፎ ባጃጁ ላይ አወጣት።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለችው።

«ሐሙስ» አላት። ከአሁኑ አቅለሸለሸው።