ወንዙ በየት በኩል ነው

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለሰው ሥራ መፍጠር ይወዳል። በወንዙ ዳር የሚሄደው የእግርና የብስክሌት መንገድ ከነሰዉ፣ ከነዛፉ በጨርቅ ተሰፍቶ በንባብ አዳራሹ ከጣሪያ እስከ ወለል ይሰቀል ሲል ሁሉም ተስማማ። የታች ሰፈር ሰዎች የታቹን ግማሽ፣ የላይ ሰፈር ሰዎች የላዩን ይስፉ ተባለ። የታቹን ግማሽ የምትመራው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናት፤ የላዩን ታናሽ እህቷ።

እህትማማቾቹ ግን እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። ያጣላቸው የእናታቸው የስፌት መኪና ነው። በለቅሶው ማግስት ታላቂቱ ማንንም ሳትጠይቅ አስጭና ወሰደችው። ልብስ ሰፊዋ እኔ፣ ሌላ ማን ሊወስደው ኖሯል አለች። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ታናሺቱ ነበረች። ከዚያ ወዲህ «እትዬ» ብላ ጠርታት አታውቅም። ሰፊዋም በእግሯ ስትንሸራሸር በመንገዱ አጋማሽ፣ የላይ ሰፈር ከሚጀምርበት አግዳሚ ወንበር አልፋ አታውቅም። ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ጉልበቷ ደህና ነው።

ሁለቱ ግማሾች ቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ የተዘረጉ ዕለት ጉድ ታየ። ታናሺቱ የእሷን በሰው ልካ አልመጣችም። መንገዱ ልክ ገጥሟል፤ ወንዙ ግን ከታች በግራ፣ ከላይ በቀኝ ነው። ኃላፊው ወንዙም እንደኛ ሲሰለቸው መንገድ ይሻገራል እንበል እንዴ ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ሰፊዋ አልሳቀችም። ወንዙ በግራ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፣ እህቴ ትተርትረው ብላ ግግም አለች።

«እህትዎ ናት፤ እርስዎ ይንገሯት» አላት ኃላፊው። «እኔ አማላጅ አይደለሁም።»

እሷ ደጃፍ ከመሄድ ራሴ እተረትረዋለሁ አለችና የእህቷን ግማሽ ጠቅልላ ቤቷ ወሰደችው። መቀሷን አንስታ የክሩን ጫፍ ለመፈለግ ጨርቁን ገለበጠችው። መቀሷን መልሳ አስቀመጠችው። ከዳር እስከ ዳር የእህቷ የእጅ ስፌት ነው። እያንዳንዱ ቅጠል፣ የብስክሌቱ ጎማ፣ ያ ሁሉ ውሃ በመርፌ እየተለቀመ የተሰፋ ነው። የራሷን ወንዝ በመኪና ሠርታ የጨረሰችው በአንድ ከሰዓት ነበር። እፍረት ወረራት፤ የእህቷ ጣቶች አንጀቷን በሏት።

በማግስቱ መኪናውን በእጅ ጋሪ ጭና፣ ጨርቁን ከላዩ አድርጋ መንገዱን ተያያዘችው። አግዳሚ ወንበሩን አለፈች። ወንዙ እንዳለችው በግራዋ ነበር። ከኋላዋ የብስክሌት ደወል ሲያቃጭልባት ጋሪውን ወደ ዳር አስጠግታ ወደ መጣችበት ዞረች። ወንዙ በቀኟ ሆነ። ለካ እህቷ ከደጇ ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ የምታየው ይኼንን ነው። ብስክሌተኛው አመስግኖ ሲያልፍ አላየችውም።

እህቷ በሩን ከፈተች።

«ወንዙን የምቀይረው እኔ ነኝ» አለች ሰፊዋ። «የኔ የመኪና ስፌት ነው፣ ቶሎ ይተረተራል። ያንቺን እንዳትነኪው።»

«መኪናውን ለምን አመጣሽው ታዲያ?»

«እዚሁ እንዲቀር። ድሮም ላንቺ ነበር የሚገባው። የኔን ቀሪ ሥራ እየመጣሁ እሰፋበታለሁ፣ ከፈቀድሽ።»

ታናሺቱ ወደ ጋሪው ቀረበች። እጇን በመኪናው መዘውር ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ አዞረችው። ሲጢጥ አለ። ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«ዘይት አታጠጪውም እንዴ፣ እትዬ?»

ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።