ወንድሞቼን ለቴሌቪዥን ያቀረብኩ ዕለት

ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ ሁለቱም ልብስ ሰፊዎች፣ ሁለቱም ታላቆቼ፣ ሁለቱም ግትሮች። የመጀመሪያውን ጋሼ እለዋለሁ። ተከታዩን ሰፈሩ ሁሉ ቀጮ ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ድሮ ነው፣ አሁንማ ቦርጩ ቀድሞት ነው ስፌት መኪናው ጋ የሚደርሰው። ጋሼ ይቆርጣል፣ ቀጮ ይሰፋል። ሱቃችን ከበር እስከ ግድግዳ ስድስት እርምጃ ብትሆን ነው። በዚህች ስድስት እርምጃ ውስጥ ሁለቱ ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

ጠቡ ከሱሪ የመጣ ነው። የአንድ ሙሽራ ሱሪ አንደኛው እግሩ አጠረ። ጋሼ፣ ቀጮ ሲሰፋ አብዝቶ አጠፈው አለ፤ ቀጮ፣ ጋሼ ሲቆርጥ አሳጠረው አለ። ሙሽራው ነገሩን ረስቶ ሦስት ልጅ ወልዷል። እነሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ መሃል ላይ እኔ፣ ቁልፍ የምተክለው፣ ቀረሁ።

«ንገሪው፣ እጅጌው ሁለት ጣት ይጠር» ይላል ጋሼ። ቀጮ አጠገቡ ተቀምጦ ሰምቷል። ግን እኔ ዞሬ እስክደግምለት ድረስ ጣቱን አያነቃንቅም። በተራው ደግሞ እሱ በሰው ጨርቅ ላይ ስለሚያንቀላፉ ቆራጮች አንድ ነገር ይልካል። መልእክቱን እንዳለ አላደርስም፤ ስድቡን አበጥሬ፣ «እባክህ ወንድሜ» ጨምሬበት ነው። ይህንንም አይወዱልኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የነሱ ዝምታ ላይነቅዝ ይችላል፣ እኔን ግን እንደ ነቀዝ በልቶ ሊጨርሰኝ ነበር።

ጥያቸው ብሄድ ምን እንደሚሆን አይቼዋለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ብመለስ አንድ ካፖርት ሠርተው ጠበቁኝ፤ ሁለቱም እጅጌ የግራ።

መሄጃ ግን ነበረኝ። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር አለ፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ብረት መዝጊያ የሚሆን ሰው። ወድጄዋለሁ፤ ምን እደባብቃለሁ። በስልክ «እየጠበቅኩ ነው» ባለኝ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ለወንድሞቼ ትንፍሽ አላልኩም። እኔ ሄድኩ ማለት ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው፤ የነሱን ሱቅ ዘግቼ የራሴን ጎጆ ልቀልስ አንጀቴ አልችል አለ።

አንድ ቀን ታዲያ ጃኬት ልታስጠብብ የመጣች ወጣት ስንላላክ አይታን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የምትሠራው የቴሌቪዥን ዝግጅት በሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። አለቃዋ ሪያሊቲ ሾው የሚሆን ነገር አጥቶ ፀጉሩን እየነጨ መሆኑን፣ ተዋናይም ጽሑፍም እንደማያስፈልግ፣ እንዲሁ ስንኖር እንደምንቀረጽ አስረዳችኝ። ሐሳቡን መጥቼ እንዳቀርብ ቀጠሮ ያዘችልኝ።

እኔ ወዲያው ሒሳቤን ሠራሁ። ከተቀበሉን አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አቀርባለሁ፤ በእኔ ቦታ ሌላ መልእክተኛ ይቅጠሩ። ቴሌቪዥን ሰው አያጣም። ከዚያ በኋላ ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ሹፌሩ ነው።

ለጋሼ፣ ቀጮ አልሄድም ብሏል አልኩት፤ ሳይውል ሳያድር እሄዳለሁ አለ። ለቀጮም፣ ጋሼ አልሄድም ብሏል አልኩት። ስድስት ዓመት የሰው ቃል ተሸክሜ ይህችን ታህል ጥበብ ባልማር ነበር የሚገርመው።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የመስታወት ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ሰዎች ትልልቅ ፎቶ። ኃላፊው፣ የወጣቷ አለቃ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ወጣቷ ጥግ ላይ ካሜራ ተክላለች። ደብተሬን ገልጬ ሌሊቱን ያጠናሁትን ጀመርኩ፤ ሁለት ወንድሞች፣ አንድ ሱቅ፣ ስድስት ዓመት፣ አንዲት ቃል የለም። ኃላፊው እጁን አፋተገና እስኪ አሳዩን አለ።

ቀጮ ከመቀመጫው ተነሣ። ወንበሩን ወደ ታላቁ ገፋ አደረገና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይሻልሃል፣ ጀርባ አለው» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሼ ደግሞ ቀጮን ትከሻውን ይዞ፣ ኧረ ተቀመጥ ወንድሜ፣ አንተ ነህ የደከመህ ይለዋል። አንተ ተቀመጥ፣ አንተ ተቀመጥ ሲባባሉ ወንበሩ ብቻውን ሁለቴ ዞረ። ውኃ ሲቀርብ አንዱ ለአንዱ ቀዳ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ እነዚህ ሰዎች ገመናቸውን በባዕድ ፊት ከሚያወጡ ሞት ይመርጣሉ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በዕቅዴ ውስጥ ጭራሽ አላስገባሁትም።

የሱሪውን ነገር ባነሣባቸው ይጋጋላሉ ብዬ ነካካሁት። ጋሼ ፈገግ ብሎ ጥፋቱ የራሱ እንደነበር ተናገረ። ቀጮ ኧረ የኔ ነው አለ። ኃላፊው እኔን አየኝ፤ አተያዩ ሌባ የያዘ ሰው አተያይ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቱግ አልኩ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ስድስቱን ዓመት አንድ በአንድ ዘረገፍኩት፤ ያበጠርኩትን ስድብ ሳላበጥር፣ ካፖርቱን ከነሁለት ግራ እጅጌው። ድምፄ እስከ ምድር ቤት ሳይሰማ አልቀረም። ጨርሼ ስቀመጥ ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ትዕይንቱ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ውል አወጣ። ለአንድ ዓመት ካሜራ በየቀኑ ይከተለኛል። በዚያ ዓመት እኔ ከሱቁ ንቅንቅ አልልም፣ ወንድሞቼም አይነጋገሩም። ሌላ መልእክተኛ ስለ መቅጠር ባነሣ፣ ያለ እኔማ ምን ትዕይንት አለ ብሎ ሳቀ። እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ሌላ አንድ ዓመት! ግን እምቢ ብል ምክንያቱን እጠየቃለሁ፤ ምክንያቱን ደግሞ በወንድሞቼ ፊት አፌ አይለውም። እስክሪብቶውን ይዤ ጎንበስ አልኩ።

«አትፈርምም» አለ ጋሼ።

«አትፈርምም» አለ ቀጮ።

«ለምን?» አለ ኃላፊው።

«ልታገባ ነዋ» አለ ጋሼ።

ክው አልኩ። ሹፌሩ ለካ ከስምንት ወር በፊት ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ እኔ ክር ልገዛ በወጣሁበት ጋሼን ብቻውን አግኝቶ እኔን እንዲድርለት ጠይቆታል። በሳምንቱ ደግሞ ቀጮን። ሁለቱም መልስ እስክንሰጥህ እንዳትነግራት ብለው አስምለውታል። ሰውዬው እየጠበቅኩ ነው ሲለኝ እኔን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር!

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ምን ትሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

ጋሼ መሬት መሬቱን አየ። «ወንድሜን ሳላማክር እህቴን አልድርም። እሱን ለማማከር ደግሞ የምልከው አንቺን ነው። አንቺን በገዛ ጋብቻሽ እንዴት ብዬ ልላክሽ?»

ቀጮ፣ «እኔም» ብቻ አለ።

ጋሼ ወንበሩን አዞረ፤ እኔን አልፎ ቀጮን አየው። እንደ ቅድሙ ለሰው ፊት የሚሆን ፈገግታ አልነበረውም። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ምን ትላለህ?»

«ሰውየው ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለ ቀጮ። «እንዳራት።»

አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ወጣቷም አለቀሰች። ኃላፊው ግን ወደ ካሜራው ሮጦ ሲያይ ለካ አልተከፈተም፤ እባካችሁ ይህንኑ አንዴ ድገሙልኝ ብሎ ለመነ።

«ስድስት ዓመት የፈጀ ነገር ነው» አለው ጋሼ ባርኔጣውን እያነሣ። «ካስደገምከን ሌላ ስድስት ዓመት ትጠብቃለህ።»

ደረጃውን ስንወርድ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጠብ ተነሣ። ጋሼ የሙሽራ ቀሚሴን እኔ ነኝ የምለካው አለ፤ ቀጮ፣ አንተ ለክተህ አንዱ ጎኗ ሊያጥር ነው አለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይጯጯሁ ነበር፤ ሰዎች ከየቢሮው ብቅ ብለው አዩን። እኔ ከኋላቸው እከተላለሁ፤ አንዳቸውም ዞር ብሎ ንገሪው አላለኝም።

በር ላይ ስደርስ ለሹፌሩ ደወልኩለት። ሁሉን እንደ ሰማሁ ነገርኩት። ወዲያው ወንድሞቼ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ።

«እዚሁ ናቸው» አልኩና ስልኩን ወደ ሁለቱ ዘረጋሁት። «ራስህ ጠይቃቸው።»