ሁለት ቢላ ወይስ አንድ ሰይፍ

"ሽንኩርቱን በሰይፍ ከተፈችው? በሰይፍ!"

ሥጋ ቆራጩ ወደ ማተሚያ ቤቱ የገባው በሩን በትከሻው ገፍትሮ ነው። ነጭ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። በአንድ እጁ ጠዋት ለእርማት የተላከለትን ጥራዝ ጨብጧል፣ በሌላው አየሩን ይገርፋል። ጩኸቱን ሰምቶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ግማሽ ጢሙን ብቻ የተላጨ ሰውዬ ሮጦ ወጣ፤ ግማሹ እስከ ዛሬ እንዳልተላጨ የሚምሉ አሉ።

"ገጽ አርባ አንድ!" አለ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ። "አዋላጇ የሕፃኑን እትብት በሰይፍ ቆረጠች። ገጽ ስልሳ! ንጉሡ ከምሳ በኋላ ጥርሱን በሰይፍ ጫፍ ጎረጎረ። ይሄ ቤተ መንግሥት ነው ወይስ ሰርከስ?"

ታይፒስቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ሃያ ዓመት የሰው ድርሰት ስትተይብ የኖረች ሴት ናት፤ የደራሲ ጩኸት ለእሷ እንደ ዝንብ ነው።

"ደራሲው፣ እኔ ላይ አትጩህብኝ። 'ቢላ የሚለውን ሁሉ ሰይፍ አድርጊው' ተባልኩ፣ አደረግሁ። ኮምፒውተር ሽንኩርትና ጠላት አይለይም። አንዴ ብጫነው ሁለት መቶ አሥራ አራት ቢላ ባንድ ጊዜ አድጎ ሰይፍ ሆነ።"

"ማን ነው ያዘዘሽ?"

ባገጯ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠቆመች።

ሥጋ ቆራጩ ይህን ታሪክ ሦስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቱ ሲጽፍ ኖሯል፤ ያውም በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ። ጀግናዋ ተራራ ሆድ ውስጥ የምትኖር አጭር ሴት ናት። ከዘንዶ ጋር የምትተናነቀው በሁለት አጫጭር ቢላዎች ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው፣ ዛሬ እሱ የሚቆምበት የሥጋ መቁረጫ ግንድ ጉማጅ ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ ነው። ቢላ አያያዝ ያስተማረችውም እሷ ናት።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። የዚችው እህቱ ባል ነው። ከረባት የማይለየው፣ ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ረጅም ሰው ነው። ቀለሙ ገና የደረቀ የሽፋን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል።

"መጀመሪያ እየው፣ ከዚያ ትጮሃለህ። ማሽኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል።"

ሽፋኑ ላይ አንዲት መለሎ ሴት ገደል አፋፍ ላይ ቆማለች። ፀጉሯን ንፋስ ይዞት ሄዷል። ሰይፏ ከራሷ ቁመት ይበልጣል።

"ይቺ ማናት?" አለ ሥጋ ቆራጩ።

"ጀግናህ ናት።"

"የኔ ጀግና እዚህ ነው የምትደርሰው!" ደረቱ ላይ በመዳፉ ለካ። "የምትዋጋውም ዋሻ ውስጥ ነው፣ ጋሼ። ዋሻው ሁለት ፍየል ጎን ለጎን አያሳልፍም። ይሄን የስልክ እንጨት የት ታወናጭፈው?"

"አንባቢ ሜትር ይዞ ዋሻ አይለካም። ጀግና ሰይፍ ይይዛል፣ አለቀ። ቢላ የወጥ ቤት ዕቃ ነው።"

"የወጥ ቤት ነው ወይስ የሥጋ ቤት?"

ባለቤቱ ከረባቱን አስተካከለ።

"እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያፈሩት በቢላው ነው ወይስ በሚስትዎ?"

"አፍህን ሰብስብ!"

"ሰው ሲጠይቅዎ 'ድሮ ንግድ ላይ ነበረች' እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ንግድ! ከበሬ ጋር ነው የምትነግደው?"

ታይፒስቷ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ሥጋ ቆራጩ ግን ሳቅ ላይ አልነበረም። የባለቤቱን ክንድ ይዞ ወደ ወረቀት መጋዘኑ ጎተተው። እዚያ የወረቀቱ ክምር ኮርኒስ ነክቷል፤ በመሃሉ ያለችው መተላለፊያ ሆድ ያለውን ሰው በጎን ካልሆነ አታሳልፍም። የመጥረጊያውን እንጨት ለባለቤቱ አስጨበጠውና እሱ አንዲት ስንዝር የማትሞላ ማስመሪያ ያዘ።

"ይምቱኝ።"

"አብደሃል እንዴ?"

"ሰይፍ አይደል የያዙት? ይምቱኛ!"

ባለቤቱም ለካ ንዴቱ አፍ አፉን ብሎት ኖሯል። እንጨቱን በሙሉ ኃይሉ አነሳው። ወደ ግራ ሲሰነዝር ክምሩ ያዘው፣ ወደ ቀኝ ሲመልስ መደርደሪያውን መታ፣ መደርደሪያው የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ለቀቀ። ቀለሙ ከነጫማው አጠመቀው። እንጨቱን መልሶ ሳያነሳ የማስመሪያዋ ጫፍ የሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ ሥር ተቀመጠች።

"ሞተሃል!" አለ ሥጋ ቆራጩ። በንዴት እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። "አንዴ በኔ፣ አንዴ በዘንዶው፣ አንዴ በቀለም። ሰይፍህ ሦስት ጊዜ ገደለህ!"

ባለቤቱ ቀይ የሆነ ጫማውን አየ። ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለና ሁለቱም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። "እሷው ትዳኘን።"

"እትዬ!" አለ ሥጋ ቆራጩ ተሽቀዳድሞ። "ባልሽ ሁለቱን ቢላሽን ቀምቶ አንድ ሰይፍ አስያዘሽ!"

"ሥዕሉን ልኮልኝ አይቼዋለሁ" አለች እህቱ።

"እና አላናደደሽም?"

"ለምን እናደዳለሁ? ደስ ነው ያለኝ።"

ሥጋ ቆራጩ ማስመሪያውን እንደያዘ ደረቀ። "ምን አልሽ?"

"ስማኝ የኔ ወንድም። እኔ ከዚያ ቢላ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ የሚያውቀው የእጄ አንጓ ነው። በሕልሜም ቢላ ይዤ ነው የምዞረው። በመጽሐፍም ልያዘው? አንድ ቀን እንኳ ክንዴን እስከ ጥግ ዘርግቼ ልምታ እንጂ!"

"አላልኩህም?" አለ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ።

"አንተ ደግሞ አትሳቅ!" አለች ከስልኩ ውስጥ። "ቢላው ሰለቸኝ አልኩ እንጂ አፈርኩበት አልኩ? ሥጋ ቤት መሥራቴን ከጓደኞችህ የምትደብቀው እስከ መቼ ነው? ያ ቢላ ነው ይሄን ልጅ ያሳደገው። እቤት ስትመጣ እንተያያለን።" ዘጋችው።

ሁለቱ ወንዶች በክምሩ መሃል በጎን እንደቆሙ ቀሩ። ሥጋ ቆራጩ ንዴቱ አልበረደለትም፤ የሚያሳርፍበት ሰው ብቻ ነው ያጣው። ባሏ ሳይጠይቃት ሰይፍ አስያዛት። እሱስ ቢላውን ሲያስይዛት መቼ ጠየቃት? ሦስት ዓመት ሙሉ አከበርኳት ብሎ ከጉማጁ ፊት አላስነቃነቃትም። ደግሞ ሰይፉን ይዛ እዚያ ዋሻ ብትገባ ገጽ ሃያ ላይ አለቀላት፤ የቀረው ሁለት መቶ ገጽ ቀብር ነው የሚሆነው።

ወደ ታይፒስቷ ሄዶ ወንበር ሳበ። "ማሽኑን ለነገ ያሳድሩት" አለ ዞር ሳይል።

ባለቤቱ ጫማውን በአሮጌ ጋዜጣ ጠረገ። "እስከ ነገ ሦስት ሰዓት። ከዚያ አንዲት ደቂቃ አታልፍም።"

"ለአዋላጇም ለንጉሡም ቢላቸውን መልሺላቸው" አለ ሥጋ ቆራጩ ታይፒስቷን። "ለእሷ ሰይፉን ተዪላት።"

"እሺ። ዋሻውስ? ፍየል አያሳልፍም ብለህ የጮህክበት?"

"'ጠባብ' የሚለውን ፈልጊልኝ። ባንድ ጊዜ እንዳትጫኚው ብቻ! አንድ በአንድ ነው የምናየው።"

ፈለገች። "ሰማንያ ሰባት ቦታ ላይ አለ።"

"ይኑራ!" አለ እንደተቆጣ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። "ተራራው የኔ አይደል? ሰይፏ እስኪበቃው እንፈለፍለዋለን።"