ገመዱን አትንቀይው

ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለችና ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ደከመው ሰው አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ። ክፍሉም አብሮ ዝም አለ።

ትናንት ጠዋት ስክሪኑ ላይ አንዲት መልእክት ብቅ ብላ «ሲስተምዎን ያሳድሱ፤ ከበፊቱ የበለጠ ይፈጥናል» ስትላት እሺ ብላ ተጭና ነበር። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሊፈጥን፣ አንዲት ፊደል መትታ ፊደሏ እስክትታይ ድረስ ተነሥታ መስኮት ከፍታ መመለስ ትችላለች። የምታርመው የልጆች የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ ነገ ከቀትር በፊት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። የቀራት የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። ያረመችው ሁሉ ግን እዚያው የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ስልኳ ጮኸ። የመጽሐፉ አዘጋጅ ነው።

«እህሳ፣ ደረሰልን?»

«እየደረሰ ነው።»

«ነገ ተራችን ካለፈን አለቀልን። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ክፍል መግባታቸው ነው። ካልቻልሽ አሁኑኑ ንገሪኝና ለሌላ ሰው ልስጠው፤ አልቀየምሽም።»

«እችላለሁ» አለች።

ኮምፒውተሬ ተበላሸ ማለት አቅቷት አልነበረም። ይህን ካለች በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነበር የፈራችው። «የሚረዳሽ ሰው የለም?» መባልን።

ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጥገና ቤት ወረደች። ጠጋኙ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ሰክቶ አንድ የተፈታ ስልክ ላይ አቀርቅሯል። ነገሩን ገና ጀምራ ሳትጨርስ ቀና አለ።

«አፕዴት አድርገሽው ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አዬ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።» ከት ብሎ ሳቀ። «አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። አምጪው፣ ውስጡን ጠርጌ ፎርማት አድርጌ እንደ ሙሽራ አሳምሬ እሰጥሻለሁ። በሳምንቱ ትወስጃለሽ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«የምትፈልጊውን ገልብጠሽ አምጪዋ።»

«መገልበጡንም እኮ እንቢ አለኝ።»

«እንግዲያማ እርምሽን አውጪ፣ እህቴ።»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ሻርፗ ጥቁር መሆኑን ያየው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ይቅርታ፣ ልብ ሳልል ነው… ለመሆኑ ኮምፒውተሩን ማን ነው የገጠመልሽ?»

«ወንድሜ።»

«ታዲያ ወንድም እያለሽ እኔ ጋ ምን አመጣሽ? እሱን ጠይቂው እንጂ!»

አመስግና ወጣች።

ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። እናታቸው አልጋ ላይ ስትውል የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ለየብቻ ገዝቶ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የገጣጠመላት እሱ ነው፤ እናቷን እያስታመመች እቤቷ እንድትሠራ ብሎ። ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ፣ ማድቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ «እማዬን ሰበብ አድርገሽ ነው ከሰው የሸሸሽው። አሁን ሰበቡ ሞተ» አላት። እሷ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አጥባ ጨረሰች። ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር «ሥራ ላይ ነኝ» ትለውና ትዘጋለች። መደወሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቀረ።

እቤቷ ተመልሳ ገመዱን ሰካች። ስክሪኑ በራ፣ ቀስቱም እንደ ልማዱ እየተጎተተ መጣ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ልትከፍት ተጫነች፤ ጠበቀች። ምንም የለም። ስልኳን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሳች።

ወንድሟ ገና አንዴ ከመጥራቱ አነሣው።

«እታለም! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። የጠበቀው ሌላ ነገር እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል።

«አፕዴት አድርጌው ተንቀራፈፈብኝ፣ ማሙሽ። የነገ ሥራ አለብኝ።»

ማሙሽ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ጠጉሩም ሸሽቷል። በዚህ ስም የምትጠራው ሰው አሁን እሷ ብቻ ቀርታለች።

እሱ እያዘዘ እሷ እየነካች፣ የትኛው ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንደያዘው የሚያሳየውን ሰሌዳ ከፈቱ። ዲስኩ መቶ ፐርሰንት ተይዟል። የያዘውን ስም ስታነብለት «እእ» አለ፤ «ይኼማ ፋይል መዝጋቢው ነው። እስካሁን መጨረስ ነበረበት። ትናንት ማታ እንደበራ ተውሽው፣ ወይስ አጠፋሽው?»

«ነቀልኩት።»

«ምን አልሽ?»

«ገመዱን ነዋ። ከክፍሉ ስወጣ ሁሌ እነቅለዋለሁ።»

«ሳታጠፊ? ከነነፍሱ?»

«ምን ላድርግ፣ ማጥፋቱም ዘገየብኝ!»

በወዲያኛው ጫፍ ሳቁ ፈነዳ። «የእማዬ ልጅ! ማን ያወጣሻል!»

እናታቸው የተሰካ ነገር ትታ ከክፍል አትወጣም ነበር። ሬዲዮኑን፣ ካውያውን፣ መብራቱን ሁሉ ትነቅላለች።

«ፍሪጁንስ ታስታውሻለሽ?» አለ ሳቁ ሳያባራ። «ሠርግ ስንሄድ ነቅላው፣ ስንመለስ ሽታው ከደጅ የተቀበለን?»

«"ቤቴ ከሚቃጠል ሥጋው ይግማ" አላለችም!»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት።

«ስሚኝ፣ እታለም» አለ ሳቁ ሲበርድለት። «አዲስ ቤት እንደገባ ሰው ቁጠሪው። ዕቃውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ ቦታ እያስያዘ ነው። አንቺ ደግሞ ገና ግማሽ ሳይደርስ ነፍሱን ታወጪዋለሽ። በወጉ ብታጠፊው ካቆመበት ይቀጥል ነበር፤ ስትነቅይው ግን የሠራውን ሁሉ ጥሎ ከሀ ይጀምራል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አትንኪው። ገመዱን አትንቀይው፤ ጠዋት ራሱ ይለቅሻል።»

«እሺ።»

«እታለም…» ድምፁ ወረደ። «ያን ቀን እኔ የተናገርኩት…»

«እሺ፣ አልነቅለውም» አለችና ስልኩን ዘጋችው። የጨለመውን ስልክ እጇ ላይ እንደያዘች ቆየች።

ማታ ከክፍሉ ስትወጣ እጇ ሳታዝዘው ወደ ሶኬቱ ሄደ። መለሰችው። በሩን ገርበብ አድርጋ እናቷ ትተኛበት በነበረው ክፍል በኩል አልፋ ወደ አልጋዋ ገባች። ማራገቢያው እስከዚያ ድረስ ይሰማል። በዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ከተሰማ ቆይቷል።

ጠዋት ሳጥኑን ጸጥ ብሎ አገኘችው። አንድ ፊደል መታች፤ ፊደሏ ከጣቷ እኩል ደረሰች። የመጨረሻውን ምዕራፍ ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ ጀመረች። ስለ ጨረቃ ነበር፤ አንድ ቦታ «ጨረቃ የራሷ ብርሃን አላት» የሚል አግኝታ «የላትም» ብላ አረመች። ከቀትር በፊት ላከችው።

«ደርሶኛል፣ ተባረኪ!» አለ አዘጋጁ፤ ከኋላው የማተሚያ ማሽን ይንጫጫል። ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋ።

ሥራዋ አልቋል። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ገመዱን ያዘች። ፕላስቲኩ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ሞቅ ብሏል። እንደያዘችው ትንሽ ቆየችና ለቀቀችው። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«እህ፣ አሁንም እንቢ አለሽ?» አለ ወንድሟ።

«ተስተካክሏል። ሥራውንም ላክሁት።»

«ጎሽ! ታዲያ ሌላ ምን ጎደለ?»

ላመሰግንህ ነው ብትለው በዚያው ያበቃ ነበር። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ትናንት የጀመርከውን አላስጨረስኩህም» አለችው። «ጨርሰው። ሥራ ላይ አይደለሁም።»