አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ

ቲቸር ፈለቀ ሲቆጣ አያድርስ ነው። ሽሮ ሜዳ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ማስተማር ከጀመረ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጆቹ ሲስቅ አይተውት አያውቁም። ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ሰርካለም ቢሮ ጠርተው በግልጽ ነግረውታል፤ "የወላጆች ቀን ላይ የልጆቹ መዝሙር ካላማረ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። አንተም ሌላ ትምህርት ቤት ትፈልጋለህ።" ሰውዬው ከሙዚቃ ሌላ እጁ ላይ ምንም የለውም። ያቺ ክፍለ ጊዜ ከሄደች ጉዱ ፈላ!

ስለዚህ ራሱ መዝሙር ጻፈ፣ ከአራተኛ ክፍል ሠላሳ ልጅ መረጠ፣ ኪቦርዱን አወጣና "አንድ ድምፅ! እንደ አንድ ሰው!" እያለ ያስጨንቃቸው ጀመር።

ያስቸገረችው ሮሐ ናት። ከሲታ ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን እንጦጦ ላይ ሆና ብትጣራ ዊንጌት የሚሰማ ነው። ሌሎቹ ሲጀምሩ እሷ ትንሽ ትታገስና ከላይ በሌላ ዜማ ትገባለች። ምን ታድርግ? የሸማኔ ልጅ ናት። መስቀል ሲመጣ በዶርዜ ቤት ሁሉም የየራሱን መንገድ ይዞ ነው የሚዘፍነው፤ አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ከላይ ይገባል፣ ሌላው ከሥር ይዞ ይቆያል። አንዱ ከጎደለ የቀሩት መግቢያ ያጣሉ። ከሠላሳዎቹም አብዛኞቹ የዚያው ሰፈር ልጆች ስለሆኑ፣ ሮሐ ስትገባ እነሱም ሳይታወቃቸው ይከተሏታል። ፈለቀ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ሲያልፍ አንድ ቀን ቆሞ አልሰማም። ለእሱ ስህተት ነው፤ ያውም የንቀት።

"ሮሐ! ነይ ውጪ!" ኪቦርዱን በመዳፉ መታው። "ሆን ብለሽ ነው?"

"አይደለም ቲቸር። እንደዚህ ሲሆን ነው የሚያምረው ብዬ ነው።"

ወይኔ! ይቺን ባትናገር ምን ነበረበት!

"የሚያምረውን አንቺ ልታስተምሪኝ? ስሚ፣ ከዛሬ ጀምሮ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ። ድምፅሽን እንዳልሰማ! እዚህ ትምህርት ቤት ነው፣ ሽመና ቤት አይደለም።"

ሮሐ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን አላለቀሰችም። ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መዝሙሩ እንደገና ሲጀመር አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። "ተገላገልን" አለ ፈለቀ።

በማግስቱ እናቷ አዲሳለም መጣች። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ፣ ገበያ ያጠነከራት ሴት ናት። እንደምን አደርክ እንኳ ሳትል በሩ ላይ ቆመች።

"የሙዚቃው አስተማሪ አንተ ነህ?"

"ነኝ። እርስዎስ?"

"የሽመና ቤቷ ልጅ እናት።"

የፈለቀ ፊት ተለዋወጠ፤ ግን ይቅርታ ማለት ሞቱ ነው። "ልጅዎ መዝሙሩን ታበላሻለች። ካልተስማማዎት ያውጧት።"

"አላወጣትም! ልጄ ከትናንት ጀምሮ ቤት ውስጥ ድምጿ አልተሰማም። በበዓል ጋቢ ደርበህ የምትጎማለለው ማን ሠርቶልህ ነው? ድምጿን መልስላት።"

"እዚህ የማዝዘው እኔ ነኝ። አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች፣ በቃ!"

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ወንድሜ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ሰላም ሆነ። ሃያ ዘጠኙ በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ለዛ የለውም እንጂ ስህተት የለውም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሮሐን ከበው ይንሾካሾካሉ፤ እሱ ሲያልፍ ዝም ይላሉ። ፈሩኝ ብሎ ደስ አለው። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ረሳው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ወይዘሮ ሰርካለም ከክፍለ ከተማ እንግዶች ጋር ፊት ተቀመጡ፣ አዲሳለም ከኋላ ቆመች። ፈለቀ ከረባቱን አስተካክሎ መግቢያውን ተጫወተና እጁን አነሳ።

ሠላሳ አፍ ተከፈተ። ድምፅ የለም።

መግቢያውን ደገመው። አፎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ቃሉን እንኳ አልሳቱም። "ማይኩ ጠፋ እንዴ?" አለ አንድ አባት። አንዱ ተነስቶ ማይኩን መታ መታ አደረገው፤ ይሠራል። አዲሳለም እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እሷም አላወቀችም ነበር።

"ዘምሩ እንጂ! ምን ነካችሁ?" አለ ፈለቀ ጥርሱን ነክሶ።

ከማይኩ አጠገብ የቆመችው ትንሿ ራኬብ መለሰችለት፤ ግቢው በሙሉ ሰማ። "ቲቸር፣ አፋችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ነው።"

ፈለቀ ወደ ሮሐ ጠጋ አለና፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገረ። "ሮሐ፣ እባክሽ። እንደፈለግሽ ግቢ። በራስሽ መንገድ።"

ሮሐ ቀና ብላ አየችው። ልጆቹም ወደ እሷ ዞሩ፤ እሷ ከገባች ሁሉም ይከተላሉ። አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው።

ወይዘሮ ሰርካለም ከወንበራቸው ተነሥተው የሒሳቡን አስተማሪ በዓይናቸው ፈለጉ።