የፈድሊያ እንግሊዝኛ

ፈድሊያ እንግሊዝኛ አታውቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው በጅማ ከተማ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራሷ ፈድሊያ ናት።

ሰፈሯ ሄርማታ የሚያወራው ሌላ ነው። ለዘጠኝ ዓመት በአንድ የቡና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ወደ ውጭ አገር የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ የመታችው እሷ ነች። ጋሽ ሸኩር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት አንጋፋው ጸሐፊ፣ በእጃቸው ያረቅቁላታል፤ እሷ ፊደል በፊደል እያየች ትመታዋለች። ጣቷ አይሳሳትም። ደብዳቤው የሰርቦን ቡና ቢያመሰግን ወይም ቢያማ ለእሷ አንድ ነው። ከአምስተኛ ክፍል የተረፉ ጥቂት ቃላትና “ዲር ሰር” ካልሆኑ በስተቀር ምን እንደጻፈች ሳታውቅ ወረቀቱን ለፊርማ ታቀርባለች። የጠየቃት የለም። የሰፈሩ ሰው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ “እስቲ አንብቢልኝ” ሲላት በቁም ነገር ገልበጥ ገልበጥ ታደርግና “ሐኪሙ እንዳዘዘህ ውሰድ” ብላ ትመልሰዋለች። እስከ ዛሬ የሞተ የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

በሰባ ሁለት ዓ.ም.፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተጧጧፈበት ዓመት፣ ቀበሌው አስተማሪ ሲፈልግ መጀመሪያ የተጠራው የእሷ ስም ነበር። አማርኛ ነበር የምታስተምረው፤ በእሱ ደግሞ የሚደርስባት የለም። ከተማሪዎቿ መሃል ሱሺላ የምትባል ህንዳዊት ነበረች፣ የሁለተኛ ደረጃው የሒሳብ መምህር የሚስተር ቲዋሪ ሚስት። አማርኛን ከኦሮምኛ ጋር ቀላቅላ ገበያ ውስጥ ነው የለቀመችው፤ ስትስማማ “ቶሌ” ስታመሰግን “ገለቶሚ” ትላለች። ፊደሉን በሦስት ወር ጨረሰችው። ለገበያተኛው ሁሉ ሽማግሌ ሳትለይ አንተ፣ አንቺ ስትል፣ ክፍል ውስጥ “እርስዎ” የሚባል ነገር መኖሩን ከተማረች ወዲህ ፈድሊያን ግን እርስዎ ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሱሺላ እስከ ቤቷ ተከትላት መጣች። ከሳሪዋ እጥፋት ውስጥ ደብተር አወጣች። ለአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ተፈልጎ፣ የውጭ አገር መምህራን ሚስቶች በሚያዝያ በቃል እንዲፈተኑ ተፈቅዷል። ባሏ ሥራ ካላገኘሽ ክረምት ሲገባ ወደ እናቴ ቤት ትመለሺያለሽ ብሏታል። የአማቷን ቤት ስታነሳ ድምጿ ቀነሰ። ሦስት ዓመት ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ የኖረችበት ቤት ነው።

ሰዋስው እንደማይቸግራት፣ የቸገሯት እነዚያ ትናንሽ ቃላት እንደሆኑ አስረዳች። በሂንዲም ግስ ጓደኛ ይዞ ይሄዳል። “ጊርና” መውደቅ ነው፤ “ጊር ጃና” ሲባል ወድቆ ማረፍ። ነገር ግን የሂንዲው ጓደኛ ራሱም ግስ ስለሆነ ፊቱ ይታወቃል። የእንግሊዝኛው ግን “አፕ”፣ “ኦፍ”፣ “አውት” እያለ እየመጣ የምታውቀውን ግስ ይነጥቃታል። ባሏን እንዳትጠይቀው አንድ ጊዜ በባልደረቦቹ ፊት ተሳስታ ስትናገር ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ መቶ ሃያ ያህል ገልብጣ፣ ትርጉሙን ባዶ ትታ፣ ወደ ፈድሊያ መጣች።

“አላውቅም” ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ክብር ግን የፈድሊያን አፍ ያዘው። ደግሞ ያ “እርስዎ” የሚለው ነገር ደስ ይል ነበር፤ እውነቱን መናገር ካለብን።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ቃል “ጊቭ አፕ” ነበር። “ጊቭ” መስጠት፣ “አፕ” ወደ ላይ መሆኑን ፈድሊያ ከአምስተኛ ክፍል ታስታውሳለች። ጥቂት አሰበችና፣ ለተከበረ ሰው አንድን ነገር በሁለት እጅ ከፍ አድርጎ ማቅረብ ማለት ነው አለች። ትርጉሙ ተስፋ መቁረጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ሱሺላ በአገሯም ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ እንደሚሰጥ ነገረቻትና በሂንዲ ጻፈችው። “ሉክ አፍተር” ደግሞ ከኋላ ማየት ሆነ፣ ማለትም እንግዳ ሸኝቶ ከዓይን እስኪጠፋ ቆሞ ማየት። ልጅ መጠበቅ፣ መንከባከብ ማለት እንደሆነ ከየት ትወቀው!

ሱሺላ እርሳሷን አስቀምጣ፣ እንግሊዞች እንዲህ ጨዋ ሕዝብ መሆናቸውን አላውቅም ነበር አለች።

ውሸት መጀመሪያው ላይ ነው የሚከብደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈድሊያ ዓይኗን ሳታሽ ትፈታ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ሱሺላ የጻፈችውን መልሳ አየችና፣ በጨዋ አነጋገር፣ “እርግጠኛ ነዎት?” አለች።

“ወላሂ” አለች ፈድሊያ።

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። በውሸት ምላ አታውቅም። የዚያን ቀን መግሪብ ስትሰግድ ስንት ረከዓ እንደሰገደች ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። በሚቀጥለው ማክሰኞ እነግራታለሁ አለች። ማክሰኞ ሱሺላ ደብተሯን በአዲስ ወረቀት ሸፍና፣ ሽፋኑ ላይ በራሷ አማርኛ “መምህርት ፈድሊያ” ብላ ጽፋ መጣች። አልነገረቻትም።

የፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሺላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብትባል አልገባ አለች። ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት ፈታኞች ነበሩ። ትምህርት የከበደው ልጅ ቢያጋጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠየቋት። እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ፈገግ ብላ፣ “አይ ጊቭ አፕ” አለች። አንደኛው ፈታኝ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። ሌላው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ በኋላ የመለሰችውን ሁሉ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነው የሰሙት።

“እርስዎ በደንብ አስተምረውኛል” አለች ሱሺላ። “የእኔ ጭንቅላት ነው። አቀላቅዬዋለሁ መሰለኝ። እርስዎን አዋረድኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።”

ፈድሊያን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘችው ቃል ግን “አይዞሽ” የሚል ነበር። “አይዞሽ” ብላ ሸኘቻት።

ነገሩ በዚያ አላበቃም ነበር። በሰኔ ሁለተኛ ፈተና ነበረ። ፈድሊያ እውነቱን ብትነግራት ሱሺላ የሚያውቅ ሰው ፈልጋ ልትማር፣ ልታልፍም ትችል ነበር። ሱሺላ ግን ለማይቀበል ጭንቅላት ሁለተኛ ፈተና ምን ያደርጋል ብላ ስሟን ሰረዘች። ፈድሊያ ለመናገር አምስት ሳምንት ነበራት። ዛሬ እነግራታለሁ ብላ ትወጣለች፤ የሱሺላን ሰማያዊ ሳሪ ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ቢሮዋ ለመድረስ በጊንጆ ሰፈር በኩል መዞር ጀመረች። ራሷን ጠላች፤ መጥላቱ ግን አፏን አልከፈተላትም።

በሐምሌ አውቶብስ ተራ ሄዳ ሸኘቻት። ሚስተር ቲዋሪ ሻንጣ ሲያስጭን ሱሺላ ወደ ፈድሊያ ቀረበችና በእጇ የጠለፈችውን ጨርቅ አወጣች። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው። “ጊቭ አፕ” አለችና ፈገግ አለች። ፈድሊያ ተቀበለች። አውቶብሱ ወጣ። ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው፤ ራሷ የፈጠረችውን “ሉክ አፍተር” ሳታስበው ፈጸመችው።

በዓመቱ ኅዳር ላይ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ደብዳቤ መጣላት። ከህንድ ነው። ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ፈድሊያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ ሌላ የምታውቀው ዘዴ ስለሌላት፣ የጽሕፈት መኪናዋ ውስጥ ወረቀት አስገባችና ፊደል በፊደል መታችው። በጣቷ ቢያልፍ የሚገባት መስሏት እንደሆነ እንጃ። ከገጹ ሁሉ የገቧት ሦስት ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት “ጊቭ አፕ” እና አንድ “ሉክ አፍተር”። እነሱም የገቧት የተሳሳተ ትርጉማቸውን ራሷ ስለፈጠረች ነው።

ተነስታ ወደ ጋሽ ሸኩር ጠረጴዛ ሄደች።

“ያንብቡልኝ” አለቻቸው።

ጋሽ ሸኩር የተመታውን ወረቀት አዩት፤ እሷን አዩ። አሁን መትተሽው የለም ወይ ብለው ቢገረሙም መነጽራቸውን አደረጉና ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡላት። ሱሺላ ለመምህሯ በአማርኛ ከመጻፍ በእንግሊዝኛ መጻፍ የበለጠ ክብር መስሎ ስለታያት በእንግሊዝኛ መጻፏን ትናገራለች። በአማቷ በረንዳ ላይ ዘጠኝ የመንደር ልጃገረዶች ሰብስባ እያስተማረች ነው። ከመምህርት ፈድሊያ የተማረችውን አንድም ሳታስቀር ታስተምራቸዋለች። ከዚህ በኋላ ጋሽ ሸኩር አቆሙና ሳቅ አፈናቸው።

“‘በእያንዳንዷ ልጅ በየቀኑ ተስፋ እቆርጣለሁ’ ትላለች፤ ደስ ብሏት እኮ ነው የምትለው!” መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። “የትኛው ጅል ነው ይህችን ሴት ያስተማራት?”

“እኔ ነኝ” አለች ፈድሊያ።

ቀልድ መስሏቸው ትንሽ ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደብተሩን፣ ፈተናውን፣ “ወላሂ” ያለችውን። በመጨረሻም የአሥር ዓመቱን ደብዳቤ ሁሉ ምን እንደሚል ሳታውቅ መምታቷን። ጋሽ ሸኩር እስከ መጨረሻው ሰሟት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። ነጭ ወረቀት ሳቡና፣ ለእሷ ምን ልበላት አሉ።

እሷ በአማርኛ ተናገረች፤ እሳቸው በእንግሊዝኛ አረቀቁ። ረቂቁን ተቀብላ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ልትጀምር ስትል ግን እጇ ቆመ። አሥር ዓመት ሙሉ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

“ጋሼ፣ ዋሸሁሽ የሚለው የቱ ነው?”

ጋሽ ሸኩር በጣታቸው አሳዩዋት። አራት ፊደል ናት። ፈድሊያ ደጋግማ አየቻት፣ ከዚያም መታቻት፤ ተሳሳተች። ወረቀቱን አውጥታ ሌላ አስገባችና ከ“ዲር” ጀመረች።